የመጨረሻው አልጋ ወጪ በማን ላይ ይወድቃል?

በአሜሪካ አገር በደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ 1 ዶላር ከ45 ሣንቲም ይቀነስበታል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምርበትና ገንዘቡ ሜዲኬር ወደሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ይገባል። ይህ ተቀናሽ ሠራተኛው በወጣትነቱ ሥራ ከያዘበት ዕለት ጀምሮ ሥራ እስካቆመበት ቀን ድረስ አይቋረጥም። እንዲህ አድርጎ አርባና ሃምሳ ዓመት የከፈለ ሠርቶ አደር በዕድሜው መጨረሻ ላይ ታሞ አልጋ ሲይዝ፣ ያ መድን ምን ያህል፣ እስከ መቼና በምን ውል ይሸከመዋል? ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመረምረው ጥያቄ ይኸው ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታየው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በየቀበሌያችን ልጁ ወይም እህቱ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታ ወይም በሌላ ሥፍራ በሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት የአልጋ ቁራኞችን እያጠበችና እያጎረሰች ገንዘብ የምትልክለት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ከዚህም ሌላ አገራችን የራሷን የጤና መድን በመዘርጋት ላይ ባለችበት በአሁኑ ወቅት፣ ይህን ሥራ ከ60 ዓመት በፊት የጀመሩት ሰዎች ደንባቸው የት ላይ እንደጎደለ ማወቁ ለእኛ ትርፍ ዕውቀት ሊባል አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሜዲኬር በ1965 በፕሬዚደንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ሲቋቋም ከአሜሪካ አረጋውያን መካከል ግማሽ የሚሆኑት የሆስፒታል ወጪ የሚሸፍንላቸው መድን አልነበራቸውም። የመጀመሪያው የአባልነት ካርድ የተሰጠው ለቀድሞው ፕሬዚደንት ለሃሪ ትሩማን ነበር፤ ትሩማን በሥልጣን ላይ ሳሉ ለመላው ሕዝብ የጤና መድን ለማቋቋም ተነሥተው በሐኪሞች ማኅበር ብርቱ ዘመቻ ዕቅዳቸው የከሸፈባቸው ሰው ናቸው። ሕጉ በ1966 ሥራ ላይ ሲውል ጥቁር ሕመምተኞችን ለይተው ያስተኙ የነበሩ የደቡብ ግዛቶች ሆስፒታሎች ከሜዲኬር ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ የዘር ልዩነቱን ለመተው ተገደዋል። ይህን ያህል ሥራ የሠራን ተቋም በጅምላ ማጣጣል የጸሐፊ ስንፍና ነው። የምንነቅፈው ተቋሙ ከልደቱ ጀምሮ ይዞት የመጣውን አንድ ጉድለት ነው፤ ይኸውም ሕጉ የተጻፈው ታሞ ለሚድን ሰው መሆኑ ነው። የነርስ እንክብካቤ ቤት አልጋ በሕጉ ውስጥ የገባው፣ ከሆስፒታል የወጣ ሕመምተኛ ለጥቂት ሳምንታት እንዲያገግምበትና የሆስፒታሉ ውድ አልጋ እንዲለቀቅ ተብሎ ነበር። የማያገግም ሰው በዚህ ሐሳብ ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት አንድ የ82 ዓመት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር እንውሰድ። አዛውንቱን ለምሳሌ ያህል ያቆምናቸው እኛ ነን፤ የሚገጥማቸው ግን ሁሉ ከደንቡ የተወሰደ ነው። ካንሰር ሰውነታቸውን ጨርሶታል፤ በዚያ ላይ የሳንባ ምች ተጨምሮባቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ሐኪሞቹ ምቹን አክመው ካበቁ በኋላ ወደ ቤታቸው እንዳይልኳቸው መቆም አይችሉም፤ ባለቤታቸውም በዕድሜ ስለገፉ አንሥተው ሊያስቀምጧቸው አቅም የላቸውም። ስለዚህ የሠለጠኑ ነርሶች ወዳሉበት፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነርሲንግ ሆም ወደሚሉት ቤት እንዲዛወሩ ይወሰናል።

ሜዲኬር ይህን ወጪ እንዲከፍል አስቀድሞ አዛውንቱ ቢያንስ 3 ተከታታይ ቀናት በሆስፒታሉ በተኝቶ ታካሚነት ተመዝግበው መቆየት ይኖርባቸዋል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሆስፒታሉ ሕመምተኛውን አስተኝቶ፣ መድኃኒት እየሰጠና እየመገበ፣ በመዝገቡ ላይ ግን «በክትትል ላይ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በዚህ አጻጻፍ ያደሩ ሌሊቶች አይቆጠሩም። አንድ ሰው በአንድ አልጋ ላይ 4 ሌሊት አድሮ በሕግ ዓይን ሆስፒታል ያልተኛ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። በ2015 የወጣ ሕግ ሆስፒታሎች ይህንኑ ለታካሚው በጽሑፍ እንዲያስታውቁ አስገድዷል፤ ማስታወቂያው ግን ሂሳቡን አይከፍልም።

አዛውንቱ ይህን በር አለፉ እንበል። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይከፈሉላቸዋል። ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ድረስ በ2025 በነበረው ታሪፍ በየቀኑ 209 ዶላር ከ50 ሣንቲም ከራሳቸው ያወጣሉ፤ ተጨማሪ መድን ያልገዛ ሰው እስከ ፍጻሜው ቢቆይ ድምሩ 16 ሺህ 760 ዶላር ይደርሳል። ከ100ኛው ቀን በኋላ ሜዲኬር አንዲት ሣንቲም አይከፍልም። ይህም ብቻ አይደለም። 100ው ቀን ጣሪያ እንጂ የተረጋገጠ መብት አይደለም፤ ለክፍያው በየዕለቱ የሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚጠይቅ ሥራ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ከባድ ቁስል ማከም፣ በደም ሥር መድኃኒት መስጠት፣ ፊዚዮቴራፒ ማሠራት ከዚህ ይቆጠራሉ። ማጉረስ፣ ገላ ማጠብ፣ አንሶላ መለወጥ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ ሌሊት ሲያቃትት አጠገቡ መቀመጥ ግን ለብቻቸው አይከፈልባቸውም። ሊሞት የተቃረበ ሰው ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይኸው መሆኑን ወላጁን ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ለብዙ ዓመታት ደግሞ «መሻሻል አላሳየም» በሚል ምክንያት ክፍያቸው የሚቋረጥባቸው ሕመምተኞች አያሌ ነበሩ። በቨርሞንት ግዛት ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2011 የተከፈተ ክስ በ2013 በስምምነት ሲቋጭ፣ መለኪያው የሕመምተኛው መሻሻል ሳይሆን የሠለጠነ እንክብካቤ የሚያስፈልገው መሆኑ በጽሑፍ ተረጋገጠ። ትልቅ ድል ነበር። አልጋውን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን የ100 ቀን ገደብ ግን አልነካውም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ጉዳዩ እንብርት እንደርሳለን። አሜሪካኖች ለመሞት ለተቃረበ ሰው ሆስፒስ የሚባል ልዩ አገልግሎት አላቸው። የዘመኑ ሆስፒስ መነሻ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ በ1967 በለንደን ያቋቋሙት ቤት ሲሆን፣ የማዳን ተስፋ ባበቃበት ላይ ስቃይን የማስታገሥ ሥራ ይጀምራል የሚል እምነት ይዞ የተነሣ ነው። ሜዲኬር በ1982 በወጣ ሕግ ይህን አገልግሎት በሽፋኑ ውስጥ አስገባው። በሽታው እንደተለመደው ከቀጠለ ከ6 ወር በላይ እንደማይኖር በሐኪም የተመሰከረለት ሰው የነርስ ጉብኝት፣ የሕመም ማስታገሻና አስፈላጊ መሣሪያዎች ይቀርቡለታል። ይሁን እንጂ ሆስፒስ የታቀደው ሕመምተኛው በገዛ ቤቱ፣ በቤተሰቡ እጅ ላይ ነው በሚል ግምት ነው። በመሆኑም ለነርሲንግ ሆም አልጋና ቀለብ አይከፍልም።

እንግዲህ አዛውንቱ በሁለት ወረቀቶች መካከል ይገኛሉ። በአንደኛው ላይ ከፈረሙ «ሊያገግሙ» ገብተዋል ተብሎ አልጋቸው፣ ምግባቸውና ነርሳቸው ይከፈላል፤ ለሚሞቱበት ሕመም ግን ሆስፒስ አይመጣላቸውም። በሁለተኛው ላይ ከፈረሙ ሆስፒስ ይመጣላቸዋል፤ የአልጋውን ኪራይ ግን ቤተሰቡ ከኪሱ ያወጣል። የሚያስተኛቸው ነገር ከሚሞቱበት በሽታ ጋር ግንኙነት ከሌለው በቀር ሁለቱ ባንድነት አይከፈሉም። ሁለት ሰዎች የሚጋሩት የነርሲንግ ሆም ክፍል መካከለኛ ዋጋ በ2024 በተደረገ ጥናት በወር ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የጡረተኛ ሾፌር ቤተሰብ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚፈርም ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በ2012 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሞቱት የሜዲኬር አባላት መካከል 30 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው የመጨረሻ 6 ወራት ውስጥ በዚህ የማገገሚያ ሽፋን ተጠቅመዋል፤ 9 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በዚያው ሽፋን ላይ ሳሉ ሞተዋል። ሁሉም ሊሞቱ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር አንልም። የብዙዎቹ መዝገብ ግን እስከ መጨረሻው ስለ መሻል ሲናገር ነበር። እስከ 2019 ድረስ ሜዲኬር ለነዚህ ቤቶች ይከፍል የነበረው በዋነኛነት ለሕመምተኛው በተሰጠው ፊዚዮቴራፒና መሰል ሕክምና ደቂቃ ልክ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? በኒውዮርክ ግዛት የተደረገ ጥናት፣ በሕይወታቸው የመጨረሻ 30 ቀናት ከፍተኛውን የሕክምና መጠን፣ ማለትም በሳምንት 720 ደቂቃና ከዚያ በላይ የተሰጣቸው ነዋሪዎች ድርሻ ከ2012 እስከ 2016 ባለው ጊዜ በ65 በመቶ ማደጉን አረጋግጧል፤ ይህም ለትርፍ በተቋቋሙት ቤቶች ይበልጥ የታየ ነበር። ሊሞት ሦስት ሳምንት የቀረውን ሰው ከአልጋው አንሥቶ በብረት መደገፊያ ማስኬድ ለማን ጥቅም ነው? ቀመሩ በ2019 ተለውጧል። ሁለቱ ወረቀቶች ግን እስከ ዛሬ እንደተለያዩ ናቸው።

ከአሜሪካ 15 ሺህ ገደማ ነርሲንግ ሆሞች መካከል 70 በመቶ ያህሉ ለትርፍ የቆሙ ናቸው። አንዳንዶቹም ገዝተው፣ ወጪ ቀንሰውና አትርፈው ለመሸጥ በሚሠሩ የባለሀብቶች ድርጅቶች እጅ ገብተዋል፤ በ2021 የወጣ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ጥናት ቤቶቹ በእነዚህ እጅ ሲገቡ ለአጭር ጊዜ የሚተኙ የሜዲኬር ሕመምተኞች ሞት በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። መድኑም ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ግል ኩባንያዎች ተሻግሯል። ከ2023 ጀምሮ ከሜዲኬር አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሸፈኑ ሲሆኑ፣ ኩባንያዎቹ ለነርሲንግ ሆም አልጋ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ሴኔት አንድ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከሁሉም የሚልቀው ኩባንያ ከሆስፒታል በኋላ ለሚሰጥ እንክብካቤ ከቀረቡለት ጥያቄዎች በ2020 የከለከለው 10.9 በመቶ ሲሆን በ2022 ወደ 22.7 በመቶ ከፍ ብሏል። ለባለአክሲዮኑ የዚያ ልዩነት ስም ገቢ ነው።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በከበርቴው ላይ ጭኖ ማረፍ ትንተናችንን ጎዶሎ ያደርገዋል። ለትርፍ ያልቆመው የቤተ ክርስቲያን መጦሪያም ቢሆን በዚያው ደንብ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱን ብቻ ምረጥ የሚለው ቃል በኩባንያ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በሕግ የተጻፈ ነው፤ በሕግ የተጻፈ ደግሞ በሕግ ይለወጣል። ለዚህም ማስረጃ አለ። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ በድሆች መድን ለሚሸፈኑ ሕፃናት ሆስፒስንና ፈዋሽ ሕክምናን ባንድነት ፈቅዷል። ለሕፃን የተቻለው ለአዛውንት የማይቻልበት ምክንያት ከሂሳብ በቀር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ወደ አዛውንቱ እንመለስ። የ100 ቀኑ ሽፋን ካበቃ የሚቀረው ሜዲኬይድ የተባለው የድሆች መድን ነው። ከነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች ከ10ሩ 6 ለሚሆኑት ዋናው ከፋይ እርሱ ነው። ወደዚህ ለመድረስ ግን አስቀድሞ መደኽየት ያስፈልጋል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶች ብቸኛ ሰው ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ጥሪት ሊኖረው አይፈቀድም። ለባለትዳር የሚተርፍ ድርሻ አለ፤ የሚኖሩበት ቤትም ባለቤታቸው በሕይወት እስካሉ አይነካም። ሁለቱም ካለፉ በኋላ ግን በ1993 የወጣው ሕግ ግዛቶች የከፈሉትን ከሟቹ ውርስ ላይ እንዲያስመልሱ ያዛል። ዕድሜውን ሙሉ ለመድን የከፈለ ሠራተኛ ለልጆቹ ሊያወርሰው ያሰበው ቤት የመሞቻ አልጋው ዕዳ መክፈያ ይሆናል ማለት ነው።

በዚያ አልጋ አጠገብ የቆመችውን ሠራተኛ አንርሳት። የነርስ ረዳት ትባላለች። የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቅባት ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ በ2024 የዚህ ሥራ መካከለኛ ደመወዝ በሰዓት 19 ዶላር ገደማ ነበር። ከነዚህ ሠራተኞች ከ10ሩ 9 ያህሉ ሴቶች ሲሆኑ ስደተኞች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የእኛ ልጆች አሉ። የማጠቡ፣ የማጉረሱና የማገላበጡ ሥራ፣ ደንቡ «ያልሠለጠነ» የሚለው ማለት ነው፣ የሚወድቀው በእነርሱ ጀርባ ላይ ነው። በ2024 መንግሥት ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የነርሲንግ አገልግሎት እንዲሰጥ ደንብ አውጥቶ ነበር። በ2025 በቴክሳስ የሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፤ በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ደግሞ እስከ 2034 ድረስ እንዳይፈጸም አገደው። 3 ሰዓት ተኩል በማይሞላ ጊዜ የሰውን ልጅ መመገብ፣ ማጠብና ማከም ከብዶናል ያሉት ባለቤቶች ክርክራቸውን አሸንፈዋል።

የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከዚህ ተነሥተው ወደ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶቻችንም ይህ ደንብ ይመለከታቸዋል። ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሜዲኬርን የሆስፒታል መድን ለማግኘት ራስ ወይም የትዳር ጓደኛ 10 ዓመት ያህል እዚያ ሠርቶ መክፈል አለበት። ያልሠሩ እናት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው 5 ዓመት ሳይቆዩ በገንዘባቸው እንኳ ሊገዙት አይችሉም፤ በፌዴራሉ ሕግ ሜዲኬይድም በአብዛኛው ያንኑ 5 ዓመት ያስጠብቃል። በ2025 የወጣው ሕግ ጨክኖ፣ ጥገኝነት የተሰጣቸው ስደተኞች ቋሚ ፈቃድ ካልያዙ በቀር ከሜዲኬር እንዲወጡ ደንግጓል፤ ከደመወዛቸው ሲቀነስ መኖሩ ግምት ውስጥ አልገባም። እናቱን ለመውሰድ የሚያስብ ልጅ ይህን ሂሳብ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጡ በፊት እንጂ እርሳቸው ከታመሙ በኋላ ሊሠራው አይገባም።

«እኛ ግን ወላጆቻችንን በቤታችን እንጦራለን» የሚል መልስ ከአንባቢያችን እንጠብቃለን። እውነት ነው፤ የሚያኮራም ነው። ነገር ግን የሚጦረው ማን ነው? ትምህርቷን ያቋረጠችው ሴት ልጅ፣ ከፋብሪካ ሥራዋ የቀረችው ምራት አይደለችምን? ጉልበቷ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ደመወዝ የለውም፣ ጡረታም አያስገኝም። አሜሪካኖች ይህን ሥራ በርካሽ ዋጋ ገዝተውታል፤ እኛ ደግሞ በነፃ ወስደነዋል። በዚህ ላይ መኩራራት አይበቃም።

በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድናችን ድሃው አርሶ አደር ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ደርሶ እንዲታከም መንገድ ከፍቷል። ሽፋኑ የተቀረጸው ግን በጤና ተቋም በር ለሚገባ ሰው ነው። ሆስፒታሉ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» ብሎ የሚሸኘው ሕመምተኛ፣ ያ በእያንዳንዳችን ቤት የታወቀ ቃል የተነገረው ሰው፣ መድኑን ከበሩ ላይ ትቶ ይወጣል። በ2003 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶችን ወደ ሕመምተኛው ቤት በመላክ ስቃይ የማስታገሡ ሥራ በእኛም አገር ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል፤ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ግን የሚሊዮኖችን ደጃፍ ሊያዳርስ አይችልም። የመድኑ ደንብ በተሻሻለ ቁጥር የቤት ለቤት ነርስና የሕመም ማስታገሻ በሽፋኑ ውስጥ እንዲገቡ መጠየቅ ያለበት አባሉ ራሱ ነው።

እድሮቻችንም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የሚወጡት፣ ገንዘቡም የሚከፈለው አባሉ ካረፈ በኋላ ነው፤ ቤተሰቡ ከቀብሩ በፊት ባሉት ወራት ለመድኃኒት፣ ለአስታማሚና ለመጓጓዣ ሲበደር የኖረውን ማንም አይጠይቅም። ይህ ሊለወጥ የማይችል ልማድ አይደለም። በኤችአይቪ ወረርሽኝ ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች አያሌ እድሮች ከቀብር አልፈው አባሎቻቸውን በሕይወት ሳሉ መደገፍ፣ የታመሙትንም በየቤታቸው እየሄዱ ማስታመም ጀምረው ነበር። ማን መስክሮ፣ ለስንት ሳምንት፣ ከየትኛው ሂሳብ ወጪ እንደሚሆን ያኔ በስብሰባ ላይ ተከራክረው የወሰኑ ዳኞችና ጸሐፊዎች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ፤ ቃለ ጉባኤያቸውም በየእድሩ መዝገብ ውስጥ ተፈልጎ ሊነበብ ይችላል።